ይህን ጠላ ማን ጠመቀው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም «ጓደኞቻችሁን ሰብስቡና ከየአካባቢው ሙያ የተጠመቀ ጠላ አንድ ላይ ቅመሱ» ብዬ አንድ አጭር አንቀጽ ጽፌ ነበር። ይህን ያህል ሰው ይጽፍልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። ለካ ስለ ጠላ ሲነሳ ዝም የሚል ሰው የለም፤ ሁሉም የሚናፍቀው ጋን አለው። ከመጡት ጥያቄዎች አምስቱን ዛሬ እመልሳለሁ። የቀሩት ወረፋ ይጠብቁ።

«እትዬ፣ እኛ ስምንት ጓደኛሞች ነን። አንዱ የጎንደር፣ አንዱ የደብረ ብርሃን፣ ሁለቱ የወሎ፣ አንዷ የአድዋ፣ የቀረነው የአዲስ አበባ ልጆች። ቅዳሜ ቅዳሜ ድራፍት ቤት ነው የምንገናኘው። እርስዎ ያሉትን ልንሞክር አሰብን፤ ግን ከየት እንጀምር? ጠላው ሳይመጣ ገና ‹የእኛ ይበልጣል› የሚል ክርክር ተነስቷል።» ስምንቱ፣ ከአዲስ አበባ

ስምንቶቼ፣ ክርክሩን አታቁሙት። ጠላው እስኪቀዳ ድረስ ብቻ ታገሱ።

በመጀመሪያ ዋናውን ልንገራችሁ። ጠላ መንገድ አይወድም። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጀሪካን ሙሉ ጠላ አውቶቡስ ላይ ተጭኖ፣ ሲንገጫገጭ ውሎ አድሮ፣ አተላው ተነስቶ፣ በሙቀት ኮምጥጦ ነው የሚደርሰው፤ ያንን ቀምሳችሁ «የጎንደር ጠላ ይሄ ነው እንዴ?» ብትሉ ጎንደርን ትበድላላችሁ። ስለዚህ ጠላውን ሳይሆን እህሉን አስመጡ። ዳጉሳው፣ ገብሱ፣ ማሽላው፣ ብቅሉና ጌሾው ደረቅ ስለሆነ መንገዱ አይጎዳውም። የዚያ አገር ባለሙያ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ አለች። የአክስት ልጅ፣ ጎረቤት፣ የእናታችሁ የማኅበር ጓደኛ እያላችሁ ጠይቁ፤ አንድ ሰው አይጠፋም። ዝግጅቱ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚወስድባት ቀድማችሁ ንገሯት፣ ገንዘቡንም ቀድማችሁ ስጧት። እህሉ የእናንተ ቢሆንም ልፋቱ የእሷ ነው። ማገዶውን፣ ውሃውን፣ ሌሊት ተነስታ የምታየውን ሁሉ አስቡት።

ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ብታውቁ ክርክራችሁም ይጣፍጣል። የደብረ ብርሃን ደጋ የገብስ አገር ነው። ወደ ወሎ ቆላ ስትወርዱ ማሽላ ይገባል፤ ጎጃምና ጎንደር ደግሞ ዳጉሳና በቆሎ። የአድዋዋ ጓደኛችሁ ጠላ ስትሏት «ሰዋ» ብላ ታርማችኋለች፣ ልክ ናት፣ እዚያ ስሙ ሰዋ ነው። እህሉ አንድ ሆኖ እንኳ አቆላሉ ጣዕሙን ይለውጠዋል። አሻሮው ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ጠላው ቡና ቡና ይላል፣ ቀለሙም ይጠቁራል፤ ለስለስ ተደርጎ ከተቆላ ቢጫ ቢጫ ይሆናል። ጌሾው አለ፣ ቅጠሉም እንጨቱም። ብዙ ሰው ጌሾን ለምሬቱ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል፤ ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽም የሚያግዘው እሱ ነው። የፋብሪካ ቢራ ሆፕ የሚባለውን አበባ የሚጨምረው ለዚሁ ነው። ጋኑ ደግሞ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ከታጠነ ያ ጭስ እስከ መጨረሻው ጠብታ ድረስ ይከተላችኋል። እኔ ጭሱ የሌለበት ጠላ ሲሰጡኝ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለኛል። ጭስ የማይወድ ሰው ግን አውቃለሁ፣ መብቱ ነው።

የጎንደሩ ልጅ ዳባት አካባቢ ሰው ካለው ግን እህል አታስመጡ፣ እናንተው ሂዱ። ኮረፌን አዲስ አበባ ሆናችሁ አታውቁትም። ኮረፌ ከገብስ፣ ከገብስ ብቅልና ከጌሾ ነው የሚጠመቀው፤ ድፍድፉ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። አንድ ጊዜ እዚያ ሄጄ ያየሁት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሴትየዋ ድፍድፉን በቅል ጨለፈች፣ ውሃ አፍስሳ በጠበጠችው፣ አጠለለችው፣ ሽክናውን እስከ አፉ ሞላችው። አረፋው ገንፍሎ በጣቶቿ መሐል ወረደ። ለእኔ ከመስጠቷ በፊት ግን ጥቂት በመዳፏ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ። እሷ ቀድማ መቅመሷ «እኔም የምጠጣው ነው፣ አትስጊ» ማለት ነው። በእናንተም ግብዣ ላይ እያንዳንዱ ያመጣውን መጀመሪያ ራሱ ቀምሶ ያቅርብ። ይህ ልማድ ባይቀር ደስ ይለኛል።

ወደ ቤታችሁ ግብዣ ልመለስ። ከአራት ዓይነት በላይ አትደርድሩ፤ ከዚያ በኋላ ምላስ አይለይም። ከእያንዳንዱ ሦስት ወይም አራት ሊትር ለስምንት ሰው ይተርፋል። መጀመሪያ ሁሉንም በጠራ ብርጭቆ ትንሽ ትንሽ ቅዱ፣ ወደ መብራት ከፍ አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱ፣ ከዚያ ጠጡ። ቀለል ካለው ጀምሩና ጠቆር ወዳለው፣ ጭሱ ወደሚበረታው ሂዱ። ሁሉም ከተቀመሰ በኋላ ብርጭቆውን ሰብስቡና ጣሳ አውጡ፤ ጣሳ የጨዋታ ነው። ምግቡን በተመለከተ ቅምሻው እስኪያልቅ ቆሎና ድፎ ዳቦ ይበቃል። ቀይ ወጥ ቀድሞ ከቀረበ በርበሬው አፋችሁን ይይዘዋል፣ ከዚያ የደብረ ብርሃንን ከወሎ የሚለይ ሰው አታገኙም።

ፊልተር ጠላ የምታመጡ ከሆነ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። «ጠላ ምን አላት» የሚለውን ተዉት። ተራው የቤት ጠላ አልኮሉ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 በመቶ ነው፣ ፊልተር ግን 5 እና 6 ይደርሳል፤ ያ ማለት ከፋብሪካ ቢራ አይተናነስም። መኪና የያዘ ሰው ካለ ቁልፉን ገና ከመግቢያው ለጋባዡ ያስረክብ። «በሞቴ፣ አንድ ጨምር» ማለት ያምርብናል፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ግን ሦስተኛ ጊዜ እንቢ ያለን ሰው አትገዝቱት።

«ሰላም እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። ጓደኞቼ ሁሉ ለግብዣ የሚያመጡት የአሜሪካ ትናንሽ ጠማቂዎች ቢራ ነው፤ ጥሩ ነው፣ ግን እኔም የእናቴን ጠላ ይዤላቸው መምጣት እፈልጋለሁ። ጋን የለኝም፣ ወይራ የለኝም። ሕጉስ ይፈቅዳል?» ናፋቂው፣ ከሜሪላንድ

ወንድሜ፣ ከሕጉ ልጀምርልህ፣ እሱ ቀላል ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ ቢራ በቤት መጥመቅን ፈቅዷል። ቤቱ ውስጥ አንድ አዋቂ ብቻ ካለ በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ 200 ጋሎን ነው ልኩ። 100 ጋሎን ማለት 380 ሊትር ገደማ ነው፤ ማኅበር ካልደገስክ በቀር አትጨርሰውም። መሸጥ ግን ክልክል ነው። ስጥ፣ ጋብዝ፣ አትሽጥ።

ጋን የለኝም ብለህ አትቸገር። ለምግብ የተሠራ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ባልዲ በቤት ቢራ ለሚጠምቁ ሰዎች ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ አለ። ትንፋሽ የምታስወጣ ትንሽ ቧንቧ ክዳኑ ላይ የተገጠመችበትን ግዛ። ጌሾ ከሐበሻ መደብር ታገኛለህ፣ ቅጠሉንም እንጨቱንም። የገብስ ብቅል ደግሞ ከዚያው ከቢራ ዕቃ ሱቅ፤ ፈጭታችሁ ስጡኝ በላቸው።

እኔ ለ15 ሊትር ውሃ 400 ግራም ጌሾ፣ 1 ኪሎ ብቅል፣ 3 ኪሎ የገብስ ዱቄት እይዛለሁ። የእናትህ ልክ የተለየ ሊሆን ስለሚችል ደውለህ ጠይቃት፤ ስትጠየቅ ደስ ይላታል፣ አንተም ያልሰማኸውን ትሰማለህ። መጀመሪያ ጥንስሱ ነው። የተወቀጠውን ጌሾ ቅጠል ከአንድ እፍኝ ብቅል ጋር አፍልተህ ባቀዘቀዝከው ውሃ ዘፍዝፈህ ለሦስት ቀን ክደነው። ከዱቄቱ ሲሶውን ቂጣ ጋግር፣ ጠቆር እስኪል ድረስ፣ ቆራርሰህ ከቀረው ብቅልና ከጌሾው እንጨት ጋር ጨምርበት። ይሄ ድፍድፉ ነው። ትንሽ ቆይተህ ጆሮህን ወደ ባልዲው ስታስጠጋ ይንሾካሾካል፣ ዝናብ የሚያካፋ ይመስላል። እኔ እንደዛ ሲል ነው ልቤ የሚያርፈው። እርሾ ከሱቅ ገዝተህ አትጨምር፣ በእህሉና በጌሾው ላይ ያለው ይበቃዋል። አራት አምስት ቀን ካለፈው በኋላ የቀረውን ዱቄት በጥቂት ውሃ አርሰህ መጥበሻ ላይ እያመስክ እንኩሮ አድርገው፤ አቀዝቅዘህ ድፍድፉ ውስጥ ጨምረው፣ የቀረውን ውሃ ሙላበት፣ ግጠም። ከሦስት እስከ አምስት ቀን። ከዚያ ጉሹን ቅመሰው። ያልጠራ ጠላ የሚወድ ጓደኛ ካለህ በዚያን ቀን ጥራው፤ ሌላው እስኪጠልል ይጠብቅ።

እንኩሮውን ስታምስ መስኮት ክፈት። የአፓርታማ የጭስ ደወል ለጠላ የሚራራ አይደለም፣ ይህን ከብዙ ዘመዶቻችን ሰምቻለሁ።

የወይራው ጉዳይ ይቀራል። ጀርመን አገር፣ ባምበርግ በምትባል ከተማ፣ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁት የቆየ ቢራ አለ። የመጀመሪያውን ጉንጭ ስወስድ የአያቴ ቤት ጓዳ ነው ትዝ ያለኝ። ያ በጭስ የደረቀ ብቅል አሜሪካ የቢራ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ይሸጣል። ከአንዱ ኪሎ ብቅልህ ሩቡን በእሱ ተካ። ወይራ አይሆንም፣ ወይራ ወይራ ነው፤ ግን የጭሱን ቦታ ባዶ አይተወውም። ለአሜሪካዊ ጓደኞችህም ማስረዳት ይቀልልሃል፣ «የናንተ ሆፕ የእኛ ጌሾ፣ የባምበርግ ጭስ የእኛ ወይራ» ብትላቸው ወዲያው ይገባቸዋል። ብቻ «ሐበሻ ቢራ ነው» ብለህ አታቅርበው። ጠላ በለው፣ የእናትህን አገር ስም ጥራ፣ ከምን እህል እንደተሠራ ንገራቸው። እነሱም የራሳቸውን ቢራ ሲያመጡ የትኛው ከተማ እንደተጠመቀ ይነግሩህ የለ።

«ከሰፈራችን ፊልተር ጠላ በሃይላንድ ገዝቼ መኪና ውስጥ ተውኩት። ለጓደኛዬ ልደት ልወስድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ፈንድቶ ወንበሩን ሁሉ አርሶታል። የተበላሸ ጠላ ሸጡልኝ ማለት ነው?» ከሐዋሳ

አይደለም እህቴ፣ እንዲያውም ሕይወት ያለው ጠላ ነው የሸጡልሽ። ጠላ ከተጣራ በኋላም መፍላቱን አያቆምም፣ ጋዝ ያወጣል፣ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይብስበታል። ሁለተኛ ስትገዢ ጠርሙሱን እስከ አፉ አታስሞዪ፣ አራት ጣት ያህል ይጉደል። ክዳኑን አላልተሽ ያዢ። ቤት እንደገባሽ ፍሪጅ። በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ጠጡት። መስታወት ጠርሙስ ውስጥ ግጥም አድርጎ መዝጋት ደግሞ አደገኛ ነው፣ ስብርባሪው ሰው ይጎዳል።

ሐዋሳ ነሽና አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ወላይታና ወደ ጋሞ ወጣ ስትዪ ቦርዴ አለልሽ። ጌሾ የለበትም፣ ወፈር ያለ ነው፣ ገበሬው ጠጥቶት እስከ ማታ ይሠራል፣ መጠጥም ምግብም ነው። ከአንድ ቀን በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ለልደት ይዘሽ ልትሄጂ አትሞክሪ። ጓደኛሽን ይዘሽ ወደ ቦርዴው ሂጂ።

«ከመካከላችን አንዱ ሙስሊም ነው፣ የደሴ ልጅ፣ ከሁላችንም በላይ የምንወደው። እኛ ጠላ ስንቀምስ እሱ አምቦ ውሃ ይዞ ሲቀመጥ ደስ አይለኝም። ካሪቦ ብናቀርብለት ነውር ይሆን?» ከኮምቦልቻ

ማሰብህ ራሱ ደግ ነው። ካሪቦም ቅነቶም ከተቆላ ገብስ ነው የሚሠሩት፣ ጣፈጥ ይላሉ፣ ቀለማቸው ያምራል። ነገር ግን ስኳርና ጊዜ ካገኙ እነሱም ይፈላሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን የቆየ ካሪቦ ጥቂት አልኮል ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ሳትነግረው አትስጠው። ቀድመህ ጠይቀው፣ እሱ ራሱ ቤታቸው እንዴት እንደሚያዘጋጁት ያውቃል፣ ምናልባትም እናቱ ሠርተው ይልኩላችሁ ይሆናል። ካልሆነ በዚያው ቀን የተበጠበጠ የማር ብርዝ አዘጋጅለት። ማሰሮውና ብርጭቆው ለብቻ ይሁን፣ ጠላ የነካው ዕቃ አይሁን። ብርዙ ደግሞ ለእሱ ብቻ ተብሎ ጥግ ላይ አይቀመጥ። ከጠላው እኩል መሐል ላይ ይቅረብ፣ ሁላችሁም ቅመሱለት። የማሩን አገር ጠይቁ፤ የወለጋ ነው፣ የላሊበላ ነው፣ የትግራይ ነጭ ማር ነው እያላችሁ እሱም ክርክሩ ውስጥ ይገባል።

«እናቴ ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችኝ። ዩኒቨርሲቲም ያስገባችኝ እሷው ናት። አሁን የሥራ ጓደኞቼ እርስዎ የጻፉትን አንብበው ‹ጥሩ ጠላ የሚገኝበት ቤት ማን ያውቃል?› ይባባላሉ። እኔ ዝም አልኩ። በራችን ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት አሁንም ተተክሏል። የጠላ ቤት ልጅ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ዝም በማለቴ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አለቀስኩ።» ስሜ ይቆይ፣ ከደብረ ማርቆስ

ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ፍርሃትሽ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። «የጠላ ቤት ልጅ» የሚለው ቃል ስንት ልጅ እንዳስለቀሰ አይቻለሁ። በዚያው አፋቸው ጠላውን እየጠጡ ጠማቂዋን የሚንቁ ሰዎች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። እኔ እንደዛ ያለ ሰው ቤቴ አይገባም። እናትሽ የምትሠራው ሙያ ነው። ብቅሉ ሻገተ አልሻገተ አሽትታ ታውቃለች፤ የሻገተ እህል ሰው እንደሚጎዳ ታውቃለች፣ ለዚህ ነው የምትደፋው። ጥንስሱ መቼ እንደደረሰ፣ እንኩሮው መቼ ከእሳት እንደሚወርድ የሚነግራት ሰዓት የለም፣ መለኪያም የለም። ከቀጭኑ ቅራሪ አንስቶ ለበዓል እስከሚቀዳው ድረስ ከአንድ ጋን ለእያንዳንዱ ሰው እንዳቅሙ ታወጣለች። አተላው እንኳ ለከብት ይሄዳል፣ ምንም አይጣልም። ውጭ አገር አንድ ሰው በትንሽ ቤት ቢራ ሲጠምቅ ስሙ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል፣ ሰው ከሩቅ ድረስ ሊጠይቀው ይሄዳል። የእናትሽን ስም ግን ያ ሁሉ የጠጣ ሰው ላያውቀው ይችላል።

አንቺ መወሰን ያለብሽን አልወስንልሽም። የምትጋብዣቸው ከሆነ ግን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ እናትሽን ጠይቂያት፤ ቤቱም ድካሙም የእሷ ነው። እሺ ካለችሽ ለጓደኞችሽ «አንድ ቤት አውቃለሁ» አትበያቸው። «እናቴ ትጠምቃለች፣ ቅዳሜ ኑ» በያቸው፣ ከበር ላይ ሳይሆን አሁን፣ ቢሮ ውስጥ። ስንት ሰው እንደሆናችሁ ቀድመሽ ንገሪያት፣ የሚጠጡትን የሚከፍሉ ከሆነም ሙሉውን ይክፈሉ፣ ጓደኛ ነን ብለው አያስቀንሱ። ፎቶ ማንሳት የፈለገ እሷን ያስፈቅድ። የዚያን ቀን አንቺ ቅጂ፤ እሷ ሶፋው ላይ ከእንግዶቹ ጋር ትቀመጥ። የመጀመሪያውን ጣሳ ለእሷ ስጪ፣ ቀምሳ ታሳልፈው። ከዚያ ይጠይቋት። የምን እህል ነው፣ ጌሾው የየት ነው፣ ማን አስተማረሽ፣ ይበሏት። እሷ ስታወራ አንቺም ያልሰማሽው ብዙ ነገር ይወጣል።

እኔም የምጠይቃት አለኝ። ለቅዳሜው ዳጉሳውን ታበዛለች ወይስ ገብሱን? መልሷን ጻፊልኝ፤ ከፈቀደች ደግሞ ከስሟ ጋር በሚቀጥለው እትም አወጣዋለሁ።